ሞተርና ካምቢዮ ስለ መለወጥ
ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ነጋዴዎች የሚሆን ማስታወሻ

ሰቆጣ የንግድ ከተማ መባሏ የትናንት ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአፋር የጨው ሜዳ እየተጠረበ በእንደርታ በኩል የሚመጣው አሞሌ ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የሰቆጣ ገበያ ነበረ። የዚያ ዘመን ነጋዴ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን ሸቀጡን የሚሸከመውን እንስሳ፣ የእንስሳውንም ኮርቻ፣ የሚወጣውንም ዳገት አብሮ ያውቅ ነበር። ለአንዲት በቅሎ የተሠራ ኮርቻ ሳይለካ በሌላይቱ ላይ ቢጫን፣ በቅሎይቱ ብርቱ፣ ኮርቻውም አዲስ ቢሆን እንኳ ጀርባዋ መገጠቡ አይቀርም። ገጣባ በቅሎ ደግሞ ለባለቤቷ ዕዳ እንጂ ሀብት አይደለችም።

ዛሬ በዚያችው ከተማ ጎዳና ባጃጅ ይመላለሳል፤ ወደ ወረዳዎቹም ሚኒባስና የጭነት መኪና ይወጣል ይወርዳል። ተሸካሚው ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። ሞተሩ የደከመበት ባለመኪና ወደ መለዋወጫ መደብር መጥቶ «ሞተር ስጡኝ» ባለ ጊዜ ሻጩ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ሞተሩን ብቻ አውጥቶ ቢሰጠው፣ ኮርቻውን ሳይለካ እንደ ሸጠ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች ልናስረዳ የምንወደው፣ በአንድ መኪና ላይ ሌላ ሞተርና ሌላ ካምቢዮ በሚገጠምበት ጊዜ ሥራው ከምን ከምን ነገር ጋር እንደሚያያዝ፣ ነጋዴውም ከመሸጡ አስቀድሞ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባው ነው። ምሳሌውን በብዛት የምንወስደው ሞተራቸው በመካከል ከሚቀመጥ የስፖርት መኪናዎች ነው። ሞተር የመለወጥ ጥበብ በእነርሱ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ተፈተነ፣ የሚያጋጥመው ችግር ሁሉ በእነርሱ ላይ ጎልቶ ይታያልና።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ስፍራ

በተለመደው የጭነት መኪና ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ኋላ ይሆንና ኃይሉ በረጅም ዘንግ ተሻግሮ ከኋላ ወዳለው ዲፈረንሻል ይደርሳል። ስለዚህ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱን ለይቶ መለወጥም ይቻላል።

ሞተሩ በመካከል በሆነው የስፖርት መኪና ግን ሞተሩ የሚቀመጠው ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ነው። ከባዱ ዕቃ በመካከል በመሆኑ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ለነጂው ፈጥኖ ይታዘዛል። ነገር ግን በዚያ ጠባብ ስፍራ ለረጅም ዘንግ ቦታ የለም። ስለዚህ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ታስረው ከሞተሩ ጋር ይጣበቃሉ፤ ከዚያም ሁለት አጫጭር ሴሚያሶች ኃይሉን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎማ ያደርሳሉ። በዚህ ዓይነት መኪና ካምቢዮውን የለወጠ ሰው ዲፈረንሻሉንም ለወጠ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለሰቆጣ ሰው የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታየው በከተማው ያለውን ባጃጅ ይመልከት። የባጃጁ ሞተር ከተሳፋሪው ኋላ ተቀምጧል፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም ከሞተሩ ጋር በአንድነት ታስረው በሁለት አጫጭር ዘንጎች የኋላ ጎማዎችን ያዞራሉ። በአገራችን ለብዙ ዘመን የተወደደው ቮልስም ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም አንድ ቤት ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ቮልስ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርቷል። እንግዲህ ባጃጁ፣ ቮልሱና የስፖርት መኪናው በገንዘብ ዋጋ ቢራራቁም በአሠራራቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ሞተሩ ቢዞር ጎማው ወዴት ይዞራል

የእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ሎተስ በ1966 እ.ኤ.አ. ዩሮፓ የተባለውን ባለመካከል ሞተር መኪና ሲያወጣ አዲስ ሞተር አልፈጠረም። ከፈረንሳይ አገር የሬኖ 16 መኪና ላይ 1,470 ሲ.ሲ. ሞተሩን ከነካምቢዮውና ከነዲፈረንሻሉ ወሰደ። ሬኖ 16 የፊት ጎማዎቹ የሚነዱት የቤተሰብ መኪና ነበረ። ሎተስ ዕቃውን እንዳለ ወስዶ፣ ከፊት የነበረውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ግማሽ ዙር አዞረና ከነጂው ጀርባ አስቀመጠው።

ነገር ግን ዕቃው እንዲህ ሲገለበጥ ጎማዎቹም በተቃራኒ ይዞራሉ። እንዲያው ቢገጠም ኖሮ መኪናው ወደ ኋላ በብዙ ማርሽ፣ ወደ ፊት ግን በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ በሆነ ነበር። መድኃኒቱ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ፣ መካኒኮች ኮሮና የሚሉትን፣ ከፒኞኑ አንድ ወገን አንሥቶ ወደ ሌላው ወገን ማዛወር ሆነ። ያን ጊዜ ጎማው በትክክል ዞረ። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሎተስ የሬኖውን ሞተር አውጥቶ የራሱን 1,558 ሲ.ሲ. ሞተር አገባ፤ ካምቢዮውን ግን የሬኖን እንደ ያዘ ቀረ። እንግዲህ አንዱን ሞተር በሌላ መለወጥ የመንደር ጋራዥ ሥራ ብቻ ሳይሆን ታላላቅ ፋብሪካዎችም የሚያደርጉት ነው። ልዩነቱ ፋብሪካው አስቀድሞ መለካቱ ነው።

ከቮልስ ዕቃ የአሸዋና የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎችም ሞተሩን ከኋላ ወደ መካከል ሲያመጡ ኮሮናውን እንዲሁ ያዛውራሉ። በሌላ በኩል ሞተሩ ራሱ የሚዞርበት አቅጣጫ አለ። ሆንዳ ለብዙ ዘመን የሠራቸው የአውቶሞቢል ሞተሮች በብዛት ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ሞተር በተቃራኒ ይዞሩ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ የጀመረው የኬ ተከታታይ ሞተር ነው ከሌሎቹ ጋር የተስማማው። የሆንዳ ሞተር ከሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ ጋር ሊያገናኝ የሚፈልግ ደንበኛ የመጣ እንደሆነ፣ ሻጩ ከዋጋው አስቀድሞ የሞተሩን አዟዟር ቢጠይቅ ያስመሰግነዋል።

የሞተሩ ጉልበትና የካምቢዮው አቅም

ቶዮታ በ1984 እ.ኤ.አ. ኤም አር 2 የተባለውን ባለመካከል ሞተር መኪና ሲያወጣ 1.6 ሊትር የሆነው ሞተሩ ከኮሮላ ሞተሮች ጋር አንድ ቤተሰብ ነበረ። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው በሁለተኛው ዓይነት ግን ቶዮታ ተርቦ ላለበትና ተርቦ ለሌለበት ሞተር የተለያየ ካምቢዮ አበጀ። ተርቦ ላለበት የተሰጠው ኢ 153 የተባለው የበረታ ካምቢዮ ነው። ዛሬ በዚህ መኪና ላይ ባለ 6 ሲሊንደር 3.5 ሊትር የቶዮታ ሞተር የሚገጥሙ ሰዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ይህንኑ ኢ 153 ነው፤ የታናሹ ሞተር ካምቢዮ የታላቁን ሞተር ጉልበት ለረጅም ጊዜ ሊሸከም አይችልምና።

ከዚህ ነጋዴው የሚማረው ግልጽ ነው። የበረታ ሞተር በደካማ ካምቢዮ ላይ የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይደሰታል፤ ቆይቶ ግን ጥርሱ ይረግፋል፣ ኩሽኔታው ይፈጫል። ያን ጊዜ ባለመኪናው የሚወቅሰው ካምቢዮውን አይደለም፤ ሞተሩን የሸጠለትን ሰው ነው።

በሂሳብ የሚታይ ነገር

በደጋ አገር ለሚኖር ሰው ከሞተሩ መጠን ይልቅ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ነገሩን በቀላል ምሳሌ እናስረዳ። የነባሩ መኪና ኮሮና 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ቢኖረው ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ፒኞኑ 4.1 ጊዜ ይዞራል። አሁን ለሜዳ አገር ፈጣን መንገድ ከተሠራ መኪና የተፈታ ሞተር ከነካምቢዮውና ከነዲፈረንሻሉ ተገዛ እንበል፤ የዚህኛው ዲፈረንሻል 31 በ10፣ ማለት 3.1 ነው። ሞተሩ ከነባሩ 20 በመቶ የሚበልጥ የመጎተት ጉልበት አለው። ባለመኪናው የተሻለ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል።

ነገር ግን የካምቢዮው ማርሾች ተመሳሳይ ከሆኑ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት የሚታሰበው እንዲህ ነው። 3.1 ለ4.1 ሲካፈል 0.756 ይሆናል፤ ይህ በ1.2 ሲባዛ 0.907 ይመጣል። ስለዚህ አዲሱ ሞተር ትልቅ ሆኖ ሳለ መኪናው በዳገት ላይ ከቀድሞው 9 በመቶ ያህል ደክሞ ይገኛል። በሜዳ የሚፈጥን፣ በዳገት የሚቆም መኪና ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይጨመራል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በፋብሪካው መጽሐፍ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው በሰቆጣ ዳገት ወደ 80 ይጠጋል። አየር በኃይል የሚያስገባው ተርቦ ይህን ጉድለት በብዙው ያቃልላል። አስመጪው የሞተሩን ኃይል ለደንበኛው ሲነግር ይህን ቅናሽ አብሮ ቢነግረው እውነተኛ ነጋዴ ይባላል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አዋቂ ሾፌር በዚህ ቁልቁለት መኪናውን የሚይዘው በፍሬን ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ያደርጋል። የዲፈረንሻሉ ቁጥር ሲያንስ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ አብሮ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ከጋለም በኋላ መያዝ ይተዋል። እንግዲህ ያለ ጥያቄ የተሸጠ አንድ ካምቢዮ በዚያ መንገድ ላይ የተሳፋሪዎችን ነፍስ የሚነካ ነገር ነው።

የሚያገናኙት ጥቃቅን ዕቃዎች

ፖርሸ 914 የተባለው ባለመካከል ሞተር መኪና ከ1969 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ሞተሩ በአየር የሚበርድ ነበር። ብዙ ባለቤቶች በኋላ ዘመን የሱባሩ ሞተር ገጥመውበታል፤ የሱባሩ ሞተር ዝቅ ያለና ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ስለሆነ በስፍራው ይስማማል። የፖርሸውን ካምቢዮ ሊያስቀሩ የወደዱት ሰዎች በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ወይም የአሉሚንየም ሳህን ማስቀረጽ ግድ ሆነባቸው፤ የአንዱ ብሎን ቀዳዳ ከሌላው ጋር አይገጥምምና።

ይህ ሳህን ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። የሞተሩ ኮሎ መካከልና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መካከል በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ከአንድ ሚሊሜትር በእጅጉ ያነሰ ስሕተት እንኳ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፣ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይበላል። የቮላኖው ስፋት፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርስ፣ የሞተሪኖው ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር መግባባቱ፣ የሴሚያሶቹ ርዝመት፣ ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች፣ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ መለካት አለባቸው። ዛሬ ባሉት ሞተሮች ደግሞ ነዳጁንና እሳቱን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩና የኤሌክትሪክ ገመዱ አብረው ያልመጡ ሞተር የሞተ ብረት ነው።

ውሃውም ሊታሰብ ይገባል። በአየር ይበርድ በነበረው ፖርሸ 914 ላይ በውሃ የሚበርድ ሞተር የገጠመ ሰው ራዲያተር ከፊት ማስቀመጥ፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ረጅም ቧንቧ መዘርጋት አለበት። በረጅም ቧንቧ ውስጥ አየር ከተያዘ ውሃው አይዞርም፤ ሞተሩም ይግላል። በሰቆጣ ከፍታ በክፍት ድስት ያለ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 ዲግሪ አይደለም። ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ቆብ ነው። እንግዲህ በሱቁ መደርደሪያ ላይ በትንሽ ዋጋ የሚሸጠው ቆብ በደጋ አገር የአንድን ሙሉ ሞተር ዕድሜ ይወስናል። የቆቡን የግፊት ቁጥር ሳያነቡ «ይገጥማል» ብሎ መስጠት አይገባም።

የሰነዱ ነገር

የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፉ ናቸው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች የሚመዘገቡበትንና የሚመረመሩበትን ሥርዓት ደንግጓል። ሞተሩን የለወጠ ባለመኪና ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሄዶ አዲሱን ቁጥር ካላስጻፈ፣ መኪናውን ሊሸጥ ወይም ዋስትና ሊያስይዝበት በፈለገ ጊዜ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሻጩ ከሞተሩ ጋር ደረሰኙንና የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን ቅጂ ማስረከብ አለበት። ያለ ሰነድ የተሸጠ ሞተር የቱን ያህል ርካሽ ቢሆን ለገዢውም ለሻጩም ወጥመድ ነው።

ለምን አሁን ያስፈልጋል

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ከዚያ በፊትም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተጣለው የኤክሳይዝ ታክስ በአሮጌ መኪናዎች ላይ የከበደ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ቶሎ በአዲስ አይተካም፤ ሞተሩ እየታደሰና እየተለወጠ ብዙ ዓመት መሥራት ግድ ይሆንበታል። የሞተርና የካምቢዮ ንግድም ከቀድሞው ይልቅ ክብደት ያለው ሆነ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ በር ተከፍቷል። በሌላው ዓለም የቮልስንና የፖርሸን ሞተር አውጥተው በስፍራው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚገጥሙ ጋራዦች ተበራክተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ኃይሉን አያጣም፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። በቁልቁለት ጊዜ ደግሞ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ የሚሞላበት አሠራር አለ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለዋግ ደጋ የተሠሩ ይመስላሉ። ዋግ ኽምራን በሚነካው በተከዜ ወንዝ ላይም 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዟል። ይሁን እንጂ የባትሪው ክብደት፣ የሚቀመጥበት ስፍራና ሞተሩ ከነባሩ ካምቢዮ ጋር የሚገናኝበት ሳህን እዚህም ይለካል። ሞተሩ ቢለወጥም ሕጉ ያው ነው።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመርካቶ ያለ ሰው ያልገጠመውን ዕቃ በነጋታው ሊመልስ ይችላል፤ የሰቆጣ ሰው ግን የመመለሻው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል። በአንድ ባጃጅ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ ባጃጁ ለሁለት ሳምንት ከቆመ የሁለት ሳምንት እንጀራ አጣ ማለት ነው። ማርና ፍየል ወደ ዋናው ገበያ የሚያወጣ ነጋዴም መኪናው በመንገድ ከቆመበት ሸቀጡ ጊዜ አይሰጠውም።

ስለዚህ አስመጪው ሞተር ሲያዝዝ ከነካምቢዮው፣ ከነሴሚያሱ፣ ከነገመዱና ከነኮምፒዩተሩ በአንድነት እንዲላክለት ይጻፍ፤ የዲፈረንሻሉንም የጥርስ ቁጥር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በመጣም ጊዜ በሳጥኑ ላይ በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍ። ባለሱቁ ደግሞ ደንበኛው ሲመጣ አምስት ነገር ይጠይቀው። የነባሩ ሞተርና የሻንሲው ቁጥር ስንት ነው? ሞተሩ ወዴት ይዞራል? የነባሩ ዲፈረንሻል ጥርስ ስንት በስንት ነው? መኪናው የሚሠራው በየትኛው መንገድ፣ በስንት ጭነት ነው? የሚገጥመው መካኒክ ማን ነው፣ ልኩንስ ወስዷል? መልሱን በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ቅጂውን ያስቀር። የባጃጅ ዕቃ የሚሸጥም እንዲሁ የሁለት ምቱን ሞተር ዕቃ ከአራት ምቱ፣ የአንዱንም ዘመን ሥራ ከሌላው ለይቶ ያስቀምጥ፤ በመልክ ተመሳስለው በልክ የሚለያዩ ብዙ ናቸውና።

ይህን የሚያደርግ ነጋዴ በመጀመሪያው ወር ጥቂት ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ «አይገጥምልህም» ብሎ የሚመልሰው ደንበኛ ይኖራልና። ያ ደንበኛ ግን ሌላ ጊዜ ዕቃ ባስፈለገው ቁጥር አስቀድሞ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው፤ ጎረቤቱንም ይዞት ይመጣል።